ለግቢ ሳርና ቅጠል ማንሻ በየወሩ ክፈሉ ተባልን፤ እናንተ ጋስ?

የጓሮ_ጎመን

ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። የከተማዬን ስም አልጠራም፤ ከደብረ ብርሃን ብዙ የማትርቅ፣ ብርዷም የማያንስ ደጋ ናት ካልኳችሁ ይበቃል።

ሰሞኑን የውኃ ቢል ልከፍል ሄጄ ደረሰኙ ላይ ከቆጣሪ ኪራዩ በታች አዲስ መስመር አየሁ። «የግቢ አረንጓዴ ቆሻሻ ማንሻ፣ 50 ብር» ይላል። ገንዘብ ተቀባይዋን «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብላት «የሳርና የቅጠል ነው፤ ከሐምሌ ጀምሮ ሁሉም ቤት ይከፍላል» አለችኝና ቀጣዩን ሰው ጠራች። ማስታወቂያ አልተለጠፈ፣ ስብሰባ አልተጠራ፣ ዕድር ላይ እንኳ አልተነገረ።

እስቲ ከእኔ ግቢ ምን ሊያነሱ ነው? የባሕር ዛፉ ቅጠልና ጭራሮ ምጣድ ሥር ይገባል። ሳሩን የጎረቤቴ ላም ትበላዋለች፤ እኔም በፆም ፍቺ እርጎ አላጣም። የጎመኑ ግንድ፣ የድንቹ ልጣጭ፣ የሽንኩርቱ ገለባ ጉድጓድ ገብቶ ለከርሞ መደብ ይሆናል። ደረቅ ቆሻሻ ለሚያነሱት ልጆች ለብቻው እየከፈልኩ ነው፤ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ለማላወጣው ነገር መክፈሉ ነው ያልገባኝ። ከአጥሬ ቀጥሎ ያሉት እናት ደግሞ የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ነው። በራቸው ሲከፈት አስፋልት ነው፤ አንዲት ዘለላ ሳር የላቸውም። እሳቸውም 50 ብር።

እናንተ ጋ ተጀምሯል? አቤት የሚባለውስ ለማን ነው?

የሰፈር_እናት

ኧረ ልጄ፣ ቅጠል ቆሻሻ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው! እኛ ሰፈር ቅጠል ተሸክመው የሚመጡትን ሴቶች ጠዋት በር ላይ ቆመን ጠብቀን ነው የምንገዛው። መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪኩ ምጣድ ተከድኖ ይቀመጣል፤ ሊጡ ግን ኮምጥጦ ይጠብቀኛል ወይ? የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ ይያያዛል፣ ምጣዱም ቶሎ ይሰማል። ጭሱ ዓይን ቢያጠፋም እንጀራው ዓይን ያወጣል።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። የበዓል ቄጠማስ? ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ሲጎዘጎዝ ከርሞ ሲደርቅ ተጠርጎ የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ቦይ ውስጥ ነው። እሱን የሚያነሳ ሰው ቢመጣ እከፍላለሁ። በመጣ ጊዜ ነው ታዲያ፣ በየወሩ አይደለም።

ጣርማበር_ንፋስ

እኔ ልቃወም። @የጓሮ_ጎመን የአንተ ግቢ ደህና ግቢ ነው፤ አገሩ ሁሉ ግን እንዳንተ አይደለም። በየከተማው አዲስ የተሠሩትን ሰፈሮች ዞር ብለህ እይ። ፎቅ ቤት፣ ፊት ለፊቱ ሳር የተነጠፈበት፣ ዙሪያው የፈረንጅ ጥድ በመቀስ የተከረከመ። ላም የላቸው፣ ጉድጓድ የላቸው፣ ምጣዱ የመብራት። አትክልተኛው በመጣ ቁጥር በማዳበሪያ በማዳበሪያ ይሞላና ሲመሽ ድልድይ ሥር ይደፋዋል። ሐምሌ ሲገባ ያ ሁሉ ሄዶ ቱቦ ይደፍናል።

አምና ሱቄ ውኃ የገባው በማን ሳር እንደሆነ አላውቅም። የራሰው ዱቄትና ስኳር ግን የእኔ ነበር። አንሺ ይኑር፣ ለአንሺውም ይከፈል። ማን ይክፈል የሚለውን እንከራከር።

የጓሮ_ጎመን

@ጣርማበር_ንፋስ ወንድሜ፣ ለጠፋብህ እግዜር ይተካልህ። እኔም እኮ የምለው ይሄንኑ ነው፤ ሳር ያነጠፈው ይክፈል። የቀበሌ ቤት ያሉት እናት የማንን ሳር ነው የሚከፍሉት?

ቆላ_ሮቢት

እኛ ሸዋ ሮቢት ሳርና ቅጠል ፍየል ይጨርሰዋል። የሙዝ ግንድና የማንጎ ቅጠል ነው የሚያስቸግረው። እና ደግሞ ቅንጨ አረም። እሱን ነቅላችሁ በር ላይ እንዳትከምሩት፣ ዘሩ በንፋስም በጎርፍም ይሄዳል፤ ከብት ከበላውም ወተቱ ይመርራል። ሳያብብ ነቅሎ መቅበር ነው። አበባ ካወጣ ኮምፖስትም ውስጥ አይገባም። ለእሱ ማንሻ ክፈል ቢሉኝ ሁለት እጥፍ እከፍላለሁ።

ጋሪና_አካፋ

እኔ ከሚያነሱት ልጆች አንዱ ነኝ። የማኅበሩንም የከተማውንም ስም አልናገርም፤ እንጀራዬ ነው።

ሰው ሳር ሲባል የደረቀው ነው የሚታየው። የክረምት ሳር ማዳበሪያ ውስጥ ታጭቆ፣ ዝናብ ጠጥቶ፣ በር ላይ ሁለት ሌሊት ካደረ ለሁለት ሰው ያስቸግራል። አፉን ስትፈታው ይጨሳል። እጅህን መሃሉ ብትከት ይፋጃል። ሽታው ከልብስ አይለቅም፤ ታክሲ ውስጥ ሰው ፈቀቅ ይልልሃል። ከሥር ደግሞ ቀጋና ጽጌረዳ አለ። ጓንት ይመጣላችኋል ተብለን የመጣው የጨርቅ ነው፤ እሾህ የት ያቆማል።

ሳሩ ብቻውን ቢሆን ደግሞ ደግ ነበር። ዳይፐር፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ የሞተ ዶሮ ከሥር አድርገው ሳር ከላይ ያለብሱበታል። እንዲያ የሆነ ሳር ለከብትም ለብስባሽም አይሆን፤ ያው ወደ መድፊያው ነው።

አሁን ስለ 50 ብሩ። እኛ የሚከፈለን በጫንነው ሜትር ኪዩብ ነው። የሚለካው ደግሞ መድፊያው ጋ ስንደርስ ነው። ሳር መንገድ ላይ ይሰምጣል። ከሰፈር ስንወጣ ጢም ያለ ጋሪ እዚያ ስንደርስ ግማሽ ነው። ለግማሹ እንፈርማለን። እናንተ በየቤቱ ከፈላችሁ ማለት ለእኛ ተከፈለን ማለት አይደለም፤ ይሄን እወቁልን።

ሌላው፣ ይሄ ክፍያ ከመጣ ወዲህ ሥራው በዛ። በፊት ሳሩን ለላም የሚሰጡ፣ ቅጠሉን የሚያነዱ ሰዎች አሁን ሁሉንም በር ላይ ያወጡታል። «ከፍያለሁ፣ አንሳ!» ነው መልሱ። እውነታቸውን ነው፤ ገንዘባቸውን አንዴ ወስደውባቸዋል። ያልነበረ ቆሻሻ እኮ ነው የመጣው።

የጓሮ_ጎመን

@ጋሪና_አካፋ የመጨረሻዋን አንቀጽህን ለቀበሌያችን ሊቀ መንበር ባነብለት ደስ ይለኝ ነበር። ቤቴም ውስጥ ተጀምሯል። ባለቤቴ «ከተከፈለ ወዲያ ምን አስቸገረህ፣ አውጣው» ብላ የድንቹን አገዳ በማዳበሪያ አሰረችው። ጉድጓዱ ባዶውን አፉን ከፍቷል።

ከባሕር_ማዶ

ትውልዴ ሞላሌ ነው፣ አሁን የምኖረው እንግሊዝ አገር። እዚህም ይሄው ጭቅጭቅ ዓመት በመጣ ቁጥር ይነሳል፤ ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ።

እዚህ ካውንስሉ፣ እኛ ማዘጋጃ ቤት የምንለው፣ ተራውን የቤት ቆሻሻ ሲያነሳ ለብቻው አያስከፍልም፤ ከካውንስል ታክሱ ነው የሚሸፈነው። የአትክልት ቦታውን ሳርና ቅጠል ግን አስከፍሎ እንዲያነሳ ሕጉ ይፈቅድለታል። ብዙዎቹ ያስከፍላሉ፣ አንዳንዶቹ አያስከፍሉም። ዋጋውም እንደየቦታው ነው፤ እኔ ያለሁበት በዓመት 50 ፓውንድ አለፍ ይላል። ከፍለህ ተለጣፊ ይሰጡሃል፣ ባለጎማው በርሜል ላይ ትለጥፈዋለህ። ተለጣፊ የሌለው በርሜል አይገለበጥም። ክረምቱ ሲከር፣ የእነሱ ክረምት ማለቴ ነው፣ ሳር ስለማያድግ ብዙ ቦታ ማንሳቱን ያቋርጣሉ።

ልዩነቱ ግን እዚህ ጋ ነው፤ የፈለገ ብቻ ነው የሚመዘገበው። አልፈልግም ያለ ጓሮው ውስጥ ያበሰብሳል፣ ወይ በመኪናው ጭኖ ካውንስሉ ያዘጋጀው ቦታ ወስዶ ይጥላል። ሰፊ ግቢ የሌለው ፎቅ ላይ ያለ ሰው ምንም አይከፍልም። እንደዚያም ሆኖ «ታክስ እየከፈልን ደግሞ ለሳር!» የሚለው ብዙ ነው። በ2021 በእነሱ አቆጣጠር መንግሥት ለሁሉም በነጻ ይሁን ብሎ የሕዝብ አስተያየት ጠይቆ ነበር፤ በኋላ ግን ተወውና ካውንስሎቹ እንደ ፊታቸው ማስከፈላቸውን ቀጠሉ።

የእናንተው ከተማ ክፍያውን ወስዶ ምርጫውን ትቶታል።

መንዜ_ነኝ

እኔ ከጓሳ አፋፍ የበቀልኩ ነኝ። አባቶቻችን ቄሮ በሚባለው የጥንት ሥርዓት አለቃ መርጠው የጓሳውን ሳር ሜዳ ይዘጉት ነበር፤ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሲከፈት ሁሉም በአንድነት ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ከተፈቀደው ቀን በፊት ያጨደ ይቀጣል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ሁሉ እሱ ነበር። በ1967 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ አሁን ደግሞ በሌላ መልኩ ማኅበረሰቡ ይጠብቀዋል።

ሳር ያለፈቃድ አጨድክ ተብሎ ሰው የሚቀጣበት አገር ልጅ፣ ሳር አለህ ተብዬ ልቀጣ!

ጣርማበር_ንፋስ

@መንዜ_ነኝ 😂 ገሳህን ልበስና ለቀበሌ አቤት በል።

ሒሳብ_ሹም

ማዘጋጃ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። የሚቀየመኝ ቢኖርም ልናገር።

በውኃ ቢል ላይ የሚጫነው ለመሰብሰብ ስለሚቀል ነው። ቤት ለቤት ሰብሳቢ ብትልክ ደመወዙ ከሚሰበስበው ይበልጣል፤ ውኃው እንዳይቆረጥበት የሚፈራ ሰው ግን ተሰልፎ ይከፍላል። አዲስ አበባም የደረቅ ቆሻሻ ክፍያን ከውኃ ቢል ጋር ስትሰበስብ ኖራለች። እዚያ ግን ሲታሰብ የነበረው በፍጆታው ልክ በመቶኛ ነው፤ ብዙ ውኃ የተጠቀመ ብዙ ይከፍላል። መኪና የሚያጥበውና ሳር የሚያጠጣው ሰው ከባለ አንድ ክፍሏ እናት ጋር እኩል አይሆንም። ሁሉም እኩል 50 ብር ሲባል ያቺ ትንሿ ፍትሕም ጠፋች።

ሕጉንም እንይ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የቤቱ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው እንዲለይ ግዴታ ጥሎበት ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን የሚከለክለው አዲሱ አዋጅ ጸድቋል። የሁለቱም መንፈስ መድፊያ የሚደርሰው ይቀንስ ነው። ሳሩን ለላም፣ አገዳውን ለጉድጓድ የሰጠ ሰው አዋጁ የሚፈልገውን አድርጓል፤ እንዴት ተብሎ ነው እንደ ጣለ ሰው የሚቆጠረው?

አቤቱታ የምትጽፉ ከሆነ ስድብ አታብዙበት። ጠይቁ። ታሪፉን የከተማው ምክር ቤት አጽድቆታል ወይ? ካጸደቀው ቃለ ጉባዔው በየትኛው ቀን የተያዘ ነው? ገንዘቡ የሚገባው በየትኛው ሒሳብ ነው፣ ለማንሻ ብቻ ነው የሚውለው ወይስ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል? ለሰብሳቢዎቹ ከዚያ ውስጥ ስንት ይደርሳል? እነዚህ በጽሑፍ ተጠይቀው፣ ገቢ ተደርገው፣ ቁጥርና ማኅተም ይደረግባቸው። መዝገብ ቤት ያልገባ አቤቱታ ወሬ ነው። መልስ ከጠፋ የእንባ ጠባቂ ተቋም ለዚህ ዓይነቱ የአስተዳደር በደል ነው የተቋቋመው።

የሰፈር_እናት

ጋሼ እድሜ ይስጥዎ። እስቲ ያንን ረቂቅ አድርገው ይጻፉልን፣ እኛ እንፈርማለን።

ተማሪ_ግብርና

ስለ ጉድጓዱ ብዙ ሰው በውስጥ ስለጠየቀኝ እዚሁ ልጻፈው።

ደጋ ላይ ኮምፖስት ይዘገያል፤ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሲወርድ ሥራው ቀጥ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያው ጊዜ መስከረም ነው፤ ሳሩም አለ፣ መሬቱም እርጥብ ነው። አንድ ሜትር ገደማ የጠለቀ፣ ጎርፍ የማይገባበት፣ ጥላ ያለው ቦታ ምረጡ። ከሥር ሻካራውን ጣሉ፤ ጭራሮ፣ የማሽላ ወይ የበቆሎ አገዳ። ከዚያ ደረቅ፣ ከዚያ እርጥብ፣ ከዚያ ፍግና አመድ፣ ከላይ ስስ አፈር፤ እንዲህ እየደረባችሁ ሙሉ። እርጥበቱን በእጅ ጨምቃችሁ እዩት፤ ጣት ያርሳል እንጂ አያንጠባጥብም። መሃሉ ላይ ረዥም እንጨት ትከሉ። ከቀናት በኋላ ስትነቅሉት ሞቅ ካለ እየሠራ ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውኃ ይፈልጋል። ቀዝቃዛ፣ እርጥብና የሚሸት ከሆነ አየር አጥቷል፣ ገልብጡት።

የባሕር ዛፍ ቅጠል አታስገቡ። ዘይቱ ብስባሹን ያዘገየዋል፣ ለቡቃያም አይስማማም፤ የእማማ ምጣድ ይሻለዋል። የፈረንጅ ጥድ ክርክምም እንደዚያው ነው። እዚህ ክር ላይ እውነተኛው ችግር እሱ ነው ባይ ነኝ፤ ላም አይበላው፣ ጉድጓድ አይወደው፣ እርጥቡን አይነድ።

እና ደግሞ ሳር መድፊያ ሄዶ ከተቀበረ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አየር አጥቶ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፣ ክምሩን ያላላል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲያልቅ ያየ አገር ነው። የእኛ መድፊያዎች ትናንሽ ናቸው፤ ለዛሬ።

የጓሮ_ጎመን

ቀበሌ ሄደን መጣን። እንዳትስቁ።

«ግቢ የሌለው ሰው ቅጽ ይሞላና በኮሚቴ ታይቶ ነጻ ይደረጋል» ተባልን። ኮሚቴው ቤት ለቤት ዞሮ ግቢ ያያል ማለት ነው። ከመካከላችን አንዱ «ጎመን ያለው ግቢ ሳር አለው ይባላል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ሰውየው ወረቀቱን አገላብጦ «ይታያል» አለ። ከዚህ በኋላ ማን ቡና እያፈላ ኮሚቴ እንደሚቀበል አስቡት።

እኔ ያቀረብኩት ሐሳብ ይሄ ነው። ወርኃዊው ይቅርና ቀበሌው ኩፖን ይሽጥ። ሳር የሚያወጣ ሰው ኩፖን ገዝቶ የማዳበሪያው አፍ ላይ ያስራል። ኩፖን የሌለው አይነሳም። ልጆቹ ኩፖኑን ቆርጠው ይዘው በቁጥሩ ልክ ይከፈላቸው፤ ያ የኪዩብ ነገር ይቅር። የማያወጣ አይከፍልም፣ አሥር የሚያወጣ አሥር ይከፍላል።

ጋሪና_አካፋ

ኩፖኑ ይሻለናል። ግን የማዳበሪያው መጠን ይወሰን፤ የ50 ኪሎው ይሁን። ካልተወሰነ የመቶ ኪሎውን ረግጠው ሞልተው አንድ ኩፖን ያስሩበታል። እሾህ ለብቻው ይታሰር። ውስጡ ሌላ ቆሻሻ የተገኘበትን በር ላይ ትተን የመሄድ መብት ይሰጠን። አሁን ትተን ከሄድን ስልክ ተደውሎ የምንገሰጸው እኛ ነን።

ጣርማበር_ንፋስ

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሱቄን ግን አያድነውም። በወር ሲከፍል በር ላይ ያወጣው የነበረው ሰው በኩፖን ሲሆንበት ብር ላለማውጣት ማታ ድልድይ ሥር ይመለሳል። ያንን ማን ይጠብቀዋል? ቅጣቱስ የት አለ? እኔ ወርኃዊው ይቆይ፣ ግን ለባለ ሳሩ ብቻ ነው የምለው። አንዴ ከከፈለ የሚደብቅበት ምክንያት የለውም።

ሒሳብ_ሹም

@ጣርማበር_ንፋስ ክርክርህ ውኃ ያነሳል። ባለ ሳሩን ማን ይለየው ነው ጣጣው፤ ያው ኮሚቴው መጣ። የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ የግቢው ስፋት በካርታው ላይ አለ፤ ከተወሰነ ካሬ በላይ ክፍት ቦታ ያለው በወር፣ ሌላው በኩፖን ማለት ይቻላል። ለዚህ የማንንም ግቢ ማየት አያስፈልግም። ረቂቁ ላይ ሁለቱንም አማራጭ አስገብቻለሁ። ማታ ማታ መድፋትን በተመለከተ የደንብ አስከባሪ ሥራ ነው፤ ለዚያ ደመወዝ ይከፈላቸዋል።

አዲስ_ሰፈር

ከላይ ጀምሮ ስታነሱኝ አነበብኩ። ፎቅ ቤት፣ የተነጠፈ ሳር፣ የፈረንጅ ጥድ፤ አዎ እኔ ነኝ። ድልድይ ሥር ግን አልደፋም። አትክልተኛዬ የት እንደሚወስደው ጠይቄው «ሰው ይፈልገዋል» ነበር ያለኝ፤ ከእንግዲህ ከግቢ አይወጣም ብዬዋለሁ።

ሳሩን ላም ያለው ሰው መጥቶ ይጨደው፣ በሩ ክፍት ነው። መድኃኒት አልረጭበትም። ጥዱን ማንም እንደማይፈልገው ገብቶኛል፤ ለእሱ በወርም ይሁን በኩፖን እከፍላለሁ። ፊርማውም ላይ አስገቡኝ።

የጓሮ_ጎመን

@አዲስ_ሰፈር ተባረክ። ፊርማው ቅዳሜ ከዕድር ስብሰባ በኋላ ነው፣ የጋሼ ረቂቅ እዚያው ይነበባል። መታወቂያ ያዙ።

የሰፈር_እናት

@አዲስ_ሰፈር ልጄ፣ ሳሩ ብዙ ነው? የእህቴ ልጅ ሁለት ላም አላት። ጋሪ በበሩ ይገባል ወይስ በሸክም ነው?

አዲስ_ሰፈር

ጋሪ ይገባል እማማ። ከ3 ሰዓት በኋላ ይምጡ፤ ጠዋት ውሻው አይታሰርም።